ካርጎ በር ላይ የዋሉት ጳጳስ

ውባንቺ ወንድሟን ምን ብላ እንደምትጠራው እስከ ዛሬ አልቆረጠላትም። ሰው ፊት ሲሆን «አባታችን» ትላለች፤ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ ምላሷ ያመልጣትና «ተስፍሽ፣ ጫማህን በር ላይ አውልቅ» ትላለች። የምትኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኗ የልብስ ስፌት ቤቷም ስለሆነ ጳጳሱ ለስብሰባ አዲስ አበባ በመጡ ቁጥር የሚያርፉት ገና ባላለቁ የሚዜ ቀሚሶችና በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ነው። ሌሎቹ ጳጳሳት እንግዳ ማረፊያ ሲያርፉ እሳቸው ለምን አራት ፎቅ በእግራቸው እንደሚወጡ ሰው የጠየቃቸው እንደሆነ «እዚያ ስገባ ማንም አይነሣልኝም፤ ደስ ይለኛል» ይላሉ።

አቡነ ተስፋማርያም ጳጳስ ከሆኑ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ተወልደው ያደጉት ገርጂ ነው፤ ገርጂ ገና ጤፍና ሽምብራ በሚዘራባት፣ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ከብት በሚደነብርበት ዘመን። አባታቸው የካቶሊክ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበሩ። ልጁም በዚያው ትምህርት ቤት በኩል ወደ ዘርአ ክህነት ገባ፣ ቀሰሰ፣ ተማረ፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ሙሉ ለቅስና ለሚዘጋጁ ወጣቶች ፍልስፍና አስተማረ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ጠመኔ ይዘው ወደ ክፍል ሊገቡ ሲሉ ስልክ ተደወለላቸው። ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ በመንገድ ወዳለፉበት ወደ አንድ የደቡብ ሀገረ ስብከት ተሹመዋል ተባሉ። አልችልም አሉ። ይጸልዩበት ዘንድ ሦስት ቀን ተሰጣቸው፤ በሦስተኛው ቀን አልችልም ማለትም አቃታቸው።

ስለ መጀመሪያው ዓመታቸው ሲነሣ ሰው መስማት የሚወደው የሲመታቸውን ቀን ታሪክ ነው። ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ሰላም ሊሉት በወረቀት ጽፈው አጥንተው ነበር። መድረኩ ላይ ሲቆሙ አንዲት ፊደል ተንሸራተተችባቸውና «ልጆቼ እንደምን አላችሁ» እላለሁ ሲሉ «ጥጆቼ እንደምን አላችሁ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ባልቴቶቹ መስቀል ሊሳለሙ ሲቀርቡ «ጥጆችዎ መጣን» ይሏቸው ጀመር። ይህን በየግብዣው ይናገሩታል። ሌላውን የመጀመሪያ ዓመት ታሪካቸውን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

እሱ የሚጀምረው ከደብዳቤ ነው። አቡነ ተስፋማርያም በተሾሙ በአራተኛው ወር በየአጥቢያው ቁምስና ሲዞሩ ያዩት ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። ደጋው ለምለም ነው፤ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ሰው ግን የለም። ወንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ሴቷ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። በአንድ ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሁሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በታችና ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው አገኟቸው። በየመንደሩ ደላላ አለ። ወላጅ ለልጁ መንገድ ማሳ ይሸጣል። ተናደዱ። አስተማሪ ስለነበሩም ሲናደዱ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ተቀምጠው ጻፉ።

ሁለት ገጽ ሐዋርያዊ መልእክት ጻፉና ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው፣ በአንድ እሑድ በሁሉም አብያተ ክርስቲያናትና ጸሎት ቤቶች እንዲነበብ አዘዙ። ከመበተኑ በፊት በሀገረ ስብከቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት ቄስ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባታችን፣ መልእክቱ ሸጋ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ቢተዋት?»

ዓረፍተ ነገሯ «መሬቱን ሸጦ ልጁን ለደላላ የሚያስረክብ አባት ዮሴፍን ከሸጡት ወንድሞች በምን ይለያል? እንዲህ ያለውን መንገድ የሚመርቅ እጅ የተባረከ እጅ አይደለም» የምትል ነበረች።

«ለምን እተዋታለሁ?»

«የሚሄድ ሰው ከምርቃት ሌላ ስንቅ የለውም።»

«እኔ ስንቁን መሙላት አይደለም የምፈልገው፤ እንዳይሄድ ነው» አሉ ጳጳሱ፤ ዓረፍተ ነገሯም እንዳለች ቀረች። እሑድ ተነበበ። ከየቁምስናው የመጣው ወሬ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ሰማ የሚል ነበር። እሳቸውም በሚቀጥለው የጳጳሳት ስብሰባ ላይ «ሕዝባችን መልእክቱን በጸጥታ ተቀብሎታል» ብለው አስመዘገቡ። ዛሬ ይህን ሲያስታውሱ ፊታቸውን በእጃቸው ይይዛሉ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አንድ ቀን አቶ እሸቴ የሚባሉ ሰው ጽሕፈት ቤታቸው መጡ። አቶ እሸቴ ቄስ በወር አንዴ ብቻ በሚደርስበት ተራራ ላይ ባለች ጸሎት ቤት ሠላሳ ሰባት ዓመት ያገለገሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ናቸው። ቄስ በማይኖርበት እሑድ ሕዝቡን የሚያጸልዩት፣ ልጆቹን ጸሎት የሚያስተምሩት፣ መልእክት ሲመጣም የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው፣ ኢዮስያስ የሚባል ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ እንደ ሞተ፣ የአገሩ ልጆች ተረባርበው አስከሬኑን እንደላኩት፣ ረቡዕ ቦሌ እንደሚደርስ ተናገሩ። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም።

ጳጳሱ በዚያው ረቡዕ አዲስ አበባ ስብሰባ ነበራቸው። «ከእኔ ጋር ይሂዱ፤ መኪናዋም ፒክአፕ ናት፤ ትይዘዋለች» አሏቸው። መኪናዋን የነዱት ራሳቸው ናቸው። በመንገድ ሁሉ አቶ እሸቴ «እሺ አባታችን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ጳጳሱም ኀዘን ነው ብለው ተዉአቸው። ማክሰኞ ማታ ውባንቺ ቤት እራት ሲቀርብ አቶ እሸቴን «ስንት ዓመቱ ነበር?» አለቻቸው። «ሃያ ሦስት» አሉና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ቀሚሶች ቀና አሉ።

አቡነ ተስፋማርያም እውነቱን ሲናገሩ፣ ሐሳባቸው አቶ እሸቴን የአየር ጭነት ወደሚወጣበት ካርጎ አድርሰው፣ ከሚመለከተው ሰው ጋር አገናኝተው፣ አራት ሰዓት ላይ ወደ ስብሰባቸው መሄድ ነበር። ጠዋት ከሰሚት ወጥተው፣ የሚኒባሱን ግፊያ አልፈው ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። በካርጎው ግቢ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ጣራቸው ላይ ገመድ የተጠመጠመባቸው ሚኒባሶች። ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ዓይነት ዕቃ መሆኑን ጳጳሱ የተረዱት ቆየት ብለው ነው።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ደረቷ ላይ «ፀደንያ» የሚል ስም ለጥፋለች። ወረቀቶቹን አገላብጣ የአቶ እሸቴን መታወቂያ አየች።

«የሟች አባት ስም ኤርሚያስ ይላል። እርስዎ እሸቴ ነዎት።»

«ልጄ ነው» አሉ አቶ እሸቴ።

«አምናለሁ አባቴ። ወረቀቱ ነው የማያምነው።»

ደላላው ፓስፖርቱን ያወጣለት በሌላ አባት ስም ኖሯል። አቶ እሸቴ ይህን የሰሙት እዚያ መስኮት ሥር ቆመው ነው። ጳጳሱ ጠጋ አሉና መስቀላቸውን ከደረታቸው ወጣ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ነኝ። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ እመሰክራለሁ።»

ፀደንያ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ አጎንብሳ መስቀሉን ተሳለመች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባታችን፣ የእርስዎ ምስክርነት በሰማይ ይበቃል። ለእኔ ግን የወረዳው ማኅተም ካልሆነ አይበቃኝም። ከወረዳው ደብዳቤ ጽፈው ፎቶ አንሥተው በስልክ ቢልኩም እቀበላለሁ።»

ወረዳው ተደወለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እንደገና ተደወለ፤ መብራት ጠፍቷል ተባለ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አራት ተኩል ሆነ። ከስብሰባው ሲደውሉላቸው ጳጳሱ መስኮቱ ፊት ተሰልፈው ነበር። «ትንሽ ነው የምዘገየው» አሉ በመጀመሪያው። ሦስተኛ ጊዜ ሲደወል ግን አቶ እሸቴን አዩአቸው። ከግንቡ ጥግ ብቻቸውን ቆመው፣ ኮፍያቸውን ይዘው፣ ሰው ሲያልፍ መንገድ ይለቃሉ። «ዛሬ አልመጣም፤ አትጠብቁኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

እንዲያ ቆመው ሳለ ከግንቡ ሥር ካርቶን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ ሰው «አባቶች፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ፤ ኑ እዚህ» ብሎ ጠራቸው። አብዱልገኒ ይባላል፤ ገርጂ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ የስልጤ ተወላጅ ነው። ታናሽ ወንድሙን ሊቀበል መጥቷል፤ ለጎረቤት ብሎ ሁለት ጊዜ እዚህ ቆሞ ያውቃል። ካርቶኑን ቀዶ ዘረጋላቸው፣ ውኃ ሰጣቸው። ጳጳሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከልጅነታቸው ወዲህ ገርጂ አካባቢ መሬት ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

«የእርስዎም አገር ልጅ ያልቃል?» አለ አብዱልገኒ።

«ያልቃል። እንዳይሄዱ ጽፌ ነበር።»

«የኛም ሼህ ተናግረው ነበር። ጁምዓ ላይ፣ አምርረው። ወንድሜ መሄዱን ሲቆርጥ ግን ቤታቸው ሄደ። ሰደቡት፣ 'እናትህን ገደልካት' አሉት፣ ተቆጡ። ተቆጥተው ሲያበቁ ጭንቅላቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉለት። ይኸው ሞተ። ሸኝተነው ነው ግን የሞተው።»

አቶ እሸቴ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። ከትናንት ጀምሮ ከእጃቸው ሲለቁት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቀስ ብለው፣ ለአብዱልገኒ የሚነግሩ መስለው፣ መናገር ጀመሩ።

«የአባታችን ደብዳቤ ሲመጣ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቄስ አልነበረም። ኢዮስያስ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የመንገዱ ጉዳይ ማለቁን አውቅ ነበር፤ ማሳውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ ዐይኑን አየሁት። ከዚያ በስምንተኛው ቀን ማለዳ ሻንጣውን ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። 'አባዬ መርቀኝ' አለኝ። በገዛ አፌ ለሕዝብ አንብቤ፣ ሰው ሁሉ ሰምቶኝ፣ እንዴት አድርጌ እጄን አነሣለሁ? ቤት ውስጥ ቀረሁ። እናቱ ታለቅሳለች። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የበሩ እንጨት ሲዘጋ ሰማሁ።»

አብዱልገኒ አንገቱን ደፋ።

«ሰባት ወር ሙሉ እየደወለ አወራን» አሉ አቶ እሸቴ። «ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ። ምርቃቱን እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሣሁበት። ሲመጣ እመርቀዋለሁ እል ነበር።»

አቡነ ተስፋማርያም በኋላ ለውባንቺ እንደነገሯት፣ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የመጣላቸው መከላከያ ነበር። 'ልጁን አትመርቁ አላልኩም፤ መንገዱን ነው ያልኩት' የሚል ነገር ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ነበር። ለተማሪ ቢሆን ልዩነቱን በሰሌዳ ላይ ሠርተው ያስረዱ ነበር። የደብዳቤው ሐሳብ ስሕተት አልነበረውም፤ ዛሬም ስሕተት ነው አይሉም። ግን ሲጽፉት ዐይናቸው ፊት የነበረው ደላላው ነው፤ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ልጅና አንባቢ አባቱ ፈጽሞ አልታዩአቸውም። ሃያ ዓመት ያስተማሩት አእምሮ ላይ ነበር፤ ቃላቸው የሰው ደጃፍ ድረስ ሄዶ በር ሊዘጋ እንደሚችል አላወቁም። መከላከያውን ዋጡት። ከካርቶኑ ተነሥተው የአቶ እሸቴን ጉልበት ያዙ።

«አቶ እሸቴ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ፊርማዎን አይቻለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ሰው ያያል። ጥቁር ከለበሱት ሴቶች አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ እሸቴ የጳጳሱን ክንድ ይዘው ሊያነሡአቸው ሞከሩ፤ ይሉኝታ ነው እንጂ ምሕረት አልነበረም።

«ይነሡ አባታችን። ዛሬ አልችልም። መጀመሪያ ልጄን ልቅበር።»

ጳጳሱ ተነሥተው ጎናቸው ተቀመጡ። ይቅርታ ጠይቀው ሳይሰጣቸው ሲቀር ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከአባትነት ወንበር ላይ ሆኖ ይቅር ማለትን ለምደዋል፤ መጠበቅን ግን አያውቁትም ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ የአብዱልገኒ ወንድም አስከሬን ወጣ። ዘመዶቹ ለቀብሩ ይቸኩሉ ስለነበር አብዱልገኒ ሁለቱን አባቶች አቅፎ ወዲያው ሄደ። ውባንቺ ምሳ ቋጥራ በታክሲ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። የበላ ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወረዳው ደብዳቤውን ላከ። ፀደንያ ማኅተሙን በጣቷ አስፍታ አየችና «በቃ፣ ሆኗል አባቴ» አለች፤ ከመስኮቷ ጀርባ ወጥታም በሩ ድረስ ሸኘቻቸው።

ሣጥኑ በጆንያ ተጠቅልሎ በትንሽ ተሽከርካሪ ወጣ። ላዩ ላይ ክብደቱና ያ የሐሰት ስም ተጽፏል። የሌሎቹ ቤተ ዘመድ አስከሬን ሲወጣ ግቢው በዋይታ ይናወጥ ነበር፤ ለኢዮስያስ ግን የቆሙት የሚያደርጉት የጠፋባቸው ሁለት ወንዶች ናቸው። አቶ እሸቴ ሣጥኑን አዩት፤ አልነኩትም። ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም።

ውባንቺ ወንድሟን ጎተተችው። «ስሙ ማነው? ትክክለኛው ስሙ?»

«ኢዮስያስ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ልጁን አይታው አታውቅም፤ ትናንት እራት ላይ ሃያ ሦስት ዓመቱ መሆኑን ብቻ ነው የሰማችው። ሣጥኑ ላይ ሁለት እጇን ጭና «ኢዮስያስ! የእሸቴ ልጅ! ወንድሜ፣ የሰው ስም አሸክመው ሰደዱህ ወይ! አባትህ መጥቷል፣ ቀና በል!» ብላ ጮኸች። ሌላ አስከሬን የሚጠብቁ ሴቶች ሰሙና መጥተው ተቀበሏት። የማያውቁት ልጅ በእውነተኛ ስሙ ካርጎ በር ላይ ተለቀሰለት። አቶ እሸቴ ያን ጊዜ ሣጥኑን አቅፈው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ጳጳሱ ገና አጥርተው በማይሰሙት ቋንቋ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ጳጳሱ የተረዱት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሕዝቡ በቅዳሴ መጨረሻ ሲመረቅ የሚባለው ቃል።

ሣጥኑን አራት ሆነው ፒክአፑ ላይ ሲጭኑት አንዱን ጥግ ጳጳሱ ያዙ። ውባንቺም ሳታስበው አብራቸው ተሳፈረች፤ በማግሥቱ ልታስረክብ ስለነበረው ቀሚስ ደንበኛዋ በስልክ ስትጮህባት እየሰማች። ኢዮስያስ በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ በአባቱ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። ፍትሐቱን ያደረሱት ጳጳሱ ናቸው፤ ስብከት ግን አልሰበኩም። «ይህ ልጅ አባቱ እንዳይመርቀው ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አባቱን አትውቀሱ» ብቻ ብለው ወረዱ። አንድ ቄስ ይህ ለሥልጣነ ክህነት አይገባም ብለው ቆይተው አጉረምርመዋል።

አርባው ካለፈ በኋላ አቶ እሸቴ በእግራቸው ወርደው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። በዚህ ጊዜ ግን ይቀመጡ ሲባሉ ተቀመጡ።

«አባታችን፣ አሁን እችላለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ። እኔን ማን ይቅር እንደሚለኝ ግን ገና አላወቅሁም።»

ጳጳሱ ጥቅስ አልጠቀሱላቸውም። ከሰዓት በኋላውን አብረው ተቀምጠው ዋሉ፤ ስለ ኢዮስያስ ልጅነት ሲነግሯቸው ሰሙ። አቶ እሸቴ ማስተማራቸውን ለመተው አስበው ነበር፤ አልተዉትም። አቡነ ተስፋማርያምም በወር አንድ እሑድ ተራራው ላይ ይወጣሉ፤ ቋንቋውን የሚያርሟቸው አቶ እሸቴ ናቸው፤ አያዝኑላቸውም።

ስለ ስደቱ ሐሳባቸው አልተለወጠም። ሰው ሊሄድ ሲል ግን ወደሳቸው እንዲመጣ ነገሩ፤ ይመጣሉም። ይህን የማይወዱ ቄሶች አሉ። «አባታችን፣ እየመረቁ እየሸኙ እኮ መንገዱን ጠረጉላቸው» ይሏቸዋል። የሚያደርጉት ልክ ላይሆን ይችላል፤ እሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም። የሚያውቁት ሳይሸኝ የሄደን ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር ውባንቺ ቤት ሳሉ ከዚያው ተራራ የመጣች አባይ የምትባል ልጅ አድራሻ ጠያይቃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ወደ ዓረብ አገር በረራዋ በማግሥቱ ነው። ጳጳሱ ወንበር ሰጥተዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ተቆጧት። ስለ አሠሪዎች፣ ስለ ተነጠቀ ፓስፖርት፣ ስለ ካርጎው በር አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ልጅቱ እጇን አጣጥፋ ሰማች።

«ጨረሱ አባታችን?»

«ጨረስኩ።»

«መሄዴ አይቀርም።»

«አውቃለሁ» አሉ። በትክክለኛ ስሟ የተጻፈ ፓስፖርት መያዟን ጠየቋት፤ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ውባንቺ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልጅቱ ጨርቁ መሀል ተንበረከከች፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በእናቷ ቋንቋ፣ ሁለት ቦታ እየተሳሳቱ፣ መረቋት።